በረሮን በዕፅዋት ዘይት ከቤት ማራቅ፦ አመራረጡ፣ አዘገጃጀቱና አቀማመጡ

በረሮ የሚሸሻቸው መዓዛማ የዕፅዋት ዘይቶች (ኢሴንሻል ኦይል) በእርግጥ አሉ፤ ይህም በቤተ ሙከራ ተደጋግሞ የታየ ነው። ሆኖም ዘይቱን ገዝቶ ቤቱን ሁሉ የረጨ ሰው ከጥቂት ቀናት በኋላ በረሮው እንደ ቀድሞው ሲመላለስ ያይና ተፈጥሯዊ ነገር ዋጋ የለውም ብሎ ወደ ፍሊቱ ይመለሳል። ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ በዘይቱ ላይ ሳይሆን በተቀመጠበት ቦታና በሥራው ቅደም ተከተል ላይ ነው። የዕፅዋት ዘይት በር ጠባቂ እንጂ አሳዳጅ አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣውን በረሮ ከደጃፍ ይመልሳል፣ በግድግዳና በቁም ሣጥን ውስጥ ሰፍሮ የሚራባውን ግን ተከትሎ አያጠፋውም። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚነሣ ስለሆነ፣ ጠርሙስ ከመግዛትዎ በፊት በቤትዎ ያለው በረሮ የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

በከተማ ቤቶች በብዛት የሚታዩት ሁለት ዓይነት ናቸው። ትንሹ የጀርመን በረሮ የሚባለው ነው። ርዝመቱ ከ1.1 እስከ 1.6 ሴንቲ ሜትር፣ መልኩ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሲሆን፣ ከራሱ ጀርባ ባለው ጋሻ መሰል ክፍል ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ሁለት ጥቁር መስመሮች ስላሉት በቀላሉ ይለያል። ስሙ የጀርመን ይሁን እንጂ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2024 የታተመ የዘር ጥናት መነሻው ደቡብ እስያ እንደሆነና ከዛሬ 2,100 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው ጋር መኖር እንደ ጀመረ አሳይቷል። ይህ በረሮ ከተወለደ እስኪሞት ከቤት አይወጣም፤ ሙቀት ስለሚወድ ከፍሪጅ ሞተር ጀርባ፣ ከኤሌክትሪክ ምጣድ ሥር፣ ከቁም ሣጥን ማጠፊያና ከግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይሸሸጋል። ትልቁ የአሜሪካ በረሮ የሚባለው ሲሆን 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመትና ቀይ ቡናማ መልክ አለው። መኖሪያው የፍሳሽ መስመር፣ የሴፕቲክ ታንክና ክዳኑ የተሰበረ ጉድጓድ ነው፤ ወደ ቤት የሚገባው ሌሊት በወለል ፍሳሽ ቀዳዳ፣ በቧንቧ ዙሪያ ባለ ክፍተትና በበር ሥር ነው። ክረምት ገብቶ ፍሳሹ በጎርፍ ሲሞላ ደግሞ በብዛት ወደ ላይ ይወጣል።

ዘይት ዋነኛ ጥቅሙ ለትልቁ ነው፤ ምክንያቱም የሚመጣው ከውጭ ነው፣ መግቢያውም የታወቀ ነው። ትንሹን በተመለከተ ግን ዘይት ረዳት እንጂ ዋና መሣሪያ ሊሆን አይችልም። ሴቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘውን ከረጢት እስኪፈለፈል ድረስ በጀርባዋ ጫፍ ይዛ ትዞራለች፤ የዘይቱ መዓዛ ካለችበት ቢያባርራት እንኳ እንቁላሏን ይዛ ወደ ሚቀጥለው ስንጥቅ ትሻገራለች። ትንሹ በረሮ ባለበት ቤት ዘይትን በየግድግዳው መርጨት መንጋውን ከማድ ቤት ወደ መኝታ ቤት፣ ወይም ከእርስዎ ቤት ወደ ጎረቤት ቤት ከማዛወር ያለፈ ፋይዳ የማይኖረው ለዚህ ነው።

ዘይቶቹ እንዴት እንደሚሠሩ

በረሮ ዓለምን በዋናነት የሚያውቀው ረጃጅም አንቴናዎቹ በሚይዙት ሽታና ንክኪ ነው። የናና፣ የባሕር ዛፍ፣ የጠጅ ሳር ወይም የቅርንፉድ ዘይት ትነት አንቴናውን ሲያገኘው አቅጣጫውን ይለውጣል። ዘይቱ በቀጥታ ሰውነቱን ከነካው ደግሞ ጉዳቱ ከሽታ ያልፋል፤ ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች በርካታዎቹ ኦክቶፓሚን በተባለውና በነፍሳት የነርቭ ሥርዓት ውስጥ ከፍተኛ ሚና ባለው መልእክት አስተላላፊ ላይ ጣልቃ ይገባሉ። በሰውና በሌሎች አጥቢ እንስሳት ዘንድ የኦክቶፓሚን ሚና አነስተኛ በመሆኑ ነፍሳቱ ይበልጥ ይጎዳሉ። ይህ ማለት ግን ዘይቱ ለሰው ምንም ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ ወደ ጥንቃቄው ስንደርስ እመለስበታለሁ።

በአሜሪካ የኦበርን ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት የናና ዘይት ሁለቱንም የበረሮ ዓይነቶች እንደሚያርቅና በንክኪ እንደሚገድል አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ሌላ ጥናት የበርካታ ዕፅዋት ንጥረ ነገሮች በጀርመን በረሮ ላይ አንድ በአንድ ሲፈተኑ፣ አዋቂ ወንዶቹን በመግደል ቲሞል ቀዳሚ ሆኖ ተገኝቷል። ቲሞል በጦስኝ ውስጥ ከሚገኙት ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች አንዱ ስለሆነ ውጤቱ ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። ነገር ግን እነዚህ ሙከራዎች የተደረጉት በተዘጋ ሣጥንና በተለካ መጠን ነው። መስኮቱ በሚከፈት፣ ወለሉ በየቀኑ በሚወለወልና ምድጃው በሚሞቅ ማድ ቤት ውስጥ ያው ዘይት እጅግ ቶሎ ይተናል፤ ስለዚህ ከቤተ ሙከራው ውጤት አቅጣጫውን እንጂ የቀን ብዛቱን አይውሰዱ።

የትኛውን ዘይት መምረጥ ይሻላል

የዘይት ምርጫ ሁለት ነገሮችን ማጣመር አለበት፤ ጠንካራ መዓዛንና ቀስ ብሎ መትነንን። የነጭ ባሕር ዛፍ ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ሲኒዮል በ176 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈላል፤ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት የሆነው ሊሞኒንም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ወዲያው ይሸታሉ፣ ወዲያውም ይጠፋሉ። በአንጻሩ በጦስኝ ያለው ቲሞል በ232፣ በቅርንፉድ ያለው ዩጂኖል ደግሞ በ254 ዲግሪ የሚፈሉ ስለሆኑ ከተቀቡበት ቦታ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። የናናው ሜንቶልና የጠጅ ሳሩ ሲትራል በመካከላቸው ናቸው። እኔ የምመክረው አንድ ቀላል ዘይት ከአንድ ከባድ ዘይት ጋር እኩል ለእኩል መቀላቀል ነው፤ ለምሳሌ ናና ከቅርንፉድ ወይም ባሕር ዛፍ ከጦስኝ። የመጀመሪያው በዚያው ምሽት ይሠራል፣ ሁለተኛው ቀናቱን ይሸፍናል።

ጦስኝ በሻይና በወጥ የምናውቀው የደጋ ቅመም ነው፤ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝና በባሌ ደጋ ላይ በቅሎ ይገኛል። ዘይቱ በቲሞልና ካርቫክሮል በተባለ ተመሳሳይ ንጥረ ነገር የበለጸገ ሲሆን፣ የሁለቱ መጠን እንደ ተለቀመበት ቦታ ይለያያል። የሀገራችን ብርቅዬ ተክል ስለሆነና በየተራራው ከነሥሩ እየተነቀለ ስለሚሸጥ፣ ለበረሮ ሲባል በኩንታል መግዛትን አልደግፍም፤ ጥቂት ጠብታ በቂ በሆነበት ሥራ ላይ ጥቂቱን መጠቀም ይበቃል። ጠጅ ሳር ግን በጓሮና በማሰሮ በቀላሉ ይበቅላል፣ ቢቆረጥም ተመልሶ ያቆጠቁጣል። የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ለረጅም ጊዜ ከሠራባቸው መዓዛማ ተክሎች አንዱ እንደመሆኑ ዘይቱን በሀገር ውስጥ ማውጣት እንግዳ ሥራ አይደለም። ባሕር ዛፍን በተመለከተ ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባው ሁለት ዓይነት ቅጠል መኖሩ ነው። ለጉንፋን የምንታጠንበት ነጭ ባሕር ዛፍ ሲኒዮል ይበዛበታል፤ ሎሚ ሎሚ የሚሸተው ሽቶ ባሕር ዛፍ ግን በሲትሮኔላል የተሞላ ነው፣ ይህም ነፍሳትን በማራቅ የታወቀ ንጥረ ነገር ነው። ከሁለቱ መምረጥ የሚችል ሰው ሽቶ ባሕር ዛፍን ይምረጥ። የጥብስ ቅጠልና የጽድ እንጨት ዘይትም ያገለግላሉ፤ የኒም ዘይት ግን ነፍሳትን ከመብላት የሚያግድ እንጂ በትነቱ የሚያርቅ ስላልሆነ፣ ቅባቱም በግድግዳ ላይ ስለሚቀር ለዚህ ሥራ አልመርጠውም።

በፋርማሲና በመዋቢያ ሱቅ ኢሴንሻል ኦይል እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ጠርሙሱ ጥቁር ወይም ቡናማ ብርጭቆ መሆኑን፣ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም መጻፉን፣ ለሽቶ መሥሪያ ከሚውለው ሰው ሠራሽ መዓዛ የተለየ መሆኑን ያረጋግጡ። ቤት ከገቡ በኋላ አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርገው እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ንጹሕ የዕፅዋት ዘይት ከሞላ ጎደል ተንኖ ሲያልቅ፣ በምግብ ዘይት የተበረዘው ግን ብርሃን የሚያሳልፍ የቅባት ክብ ይተዋል።

ይህ ልዩነት ለጥራት ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ቅርንፉድን ወይም የባሕር ዛፍ ቅጠልን በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት ዘፍዝፎ ማዕዘን ለማዕዘን መቀባት የሚመክሩ ሰዎች አሉ። ይህን አያድርጉ። የምግብ ዘይት ለበረሮ ምግብ ነው፤ መዓዛው ከጥቂት ቀን በኋላ ሲጠፋ በግድግዳው ላይ የሚቀረው ቅባት ሊያርቁት የፈለጉትን በረሮ ይመግበዋል።

ቅጠሉን በቤት ውስጥ ለማውጣት ለሚፈልጉ፣ መንገዱ አረቄ ከሚወጣበት ጋር በመሠረቱ አንድ ነው፤ ቅጠሉን ከውሃ ጋር አፍልቶ እንፋሎቱን በቀዝቃዛ ነገር ላይ ማቀዝቀዝ። በቤት ደረጃ ሰፊ ድስት ውስጥ ቅጠሉንና ውሃውን አድርጎ፣ መሃል ላይ ከቅጠሉ ከፍ ብሎ እንዲቆም አንድ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጦ፣ ክዳኑን ገልብጦ በላዩ ላይ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ማድረግ ይቻላል። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ወደ ሳህኑ ይንጠባጠባል። ነገር ግን ብዙ አይጠብቁ፤ በጥሩ ማጣሪያ እንኳ ከ1 ኪሎ የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፣ በድስት ደግሞ የሚያገኙት በአብዛኛው ላዩ ላይ ስስ የዘይት ሽፋን ያለው መዓዛማ ውሃ ነው። ይህ ውሃ ወለል ለመወልወልና መደርደሪያ ለመጥረግ ይጠቅማል፣ ለመግቢያ ቀዳዳዎች ግን ይደክማል። ክዳን ሳይደፉ ቅጠል አፍልቶ ውሃውን መርጨትማ ዘይቱ ሁሉ በእንፋሎት ሄዶ ስለሚያልቅ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ዘይት ከመቀባት በፊት

የጀርመን በረሮ ውሃ ካገኘ ያለ ምግብ አንድ ወር ገደማ ሊቆይ ይችላል፤ ውሃም ምግብም ሲያጣ ግን ከሁለት ሳምንት አያልፍም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ውሃውን ይቁረጡበት። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይጠገን፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው እርጥበት ይድረቅ፣ ሌሊት የታጠበ ዕቃ ውሃው እየተንጠባጠበ አይደር፣ ስፖንጁና ጨርቁ ተጨምቀው ይሰቀሉ፣ በባልዲና በበርሜል የተጠራቀመው ውሃም ይከደን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ከዚያ ቀጥሎ ምግቡ ነው። በእኛ ማድ ቤት ውስጥ በረሮን የሚያኖረው በዋናነት ሊጡና ፍርፋሪው ነው። የቡሃቃው አፍና ጎን ላይ የደረቀ ሊጥ፣ ከምጣዱ ሥር የሚጠራቀም የእንጀራ ቅርፍት፣ በመሶብ ስፌት መካከል የሚገባ ፍርፋሪ፣ ከረከቦቱ ላይ ያልተነሣ የቡና አተላና ስኳር፣ በጆንያ ውስጥ የተቀመጠ ዱቄት ሁሉ ግብዣ ናቸው። ምጣዱን ከቀዘቀዘ በኋላ አንሥተው ሥሩን ይጥረጉ፤ ሊጡን ገጣጣሚ ክዳን ባለው ዕቃ ያኑሩ፤ መሶቡን ፀሐይ ላይ አራግፈው በብሩሽ ይጥረጉት። ካርቶን በተለይ ይጠንቀቁ፤ ትንሹ በረሮ ከሱቅና ከገበያ ወደ ቤት የሚገባው ብዙ ጊዜ በካርቶን፣ በእንቁላል ማስቀመጫና በለስላሳ ሣጥን ውስጥ ተሸሽጎ ነው፤ ካርቶኑ ባዶ ሲሆን ቤት ውስጥ አይደር።

ሦስተኛው ቀዳዳ መድፈን ነው። ትልቁ የአሜሪካ በረሮ ሰውነቱን ጨፍልቆ 3 ሚሊ ሜትር በምታህል ክፍተት ማለፍ ይችላል፤ ትንሹማ ከዚያም በጠበበ ስንጥቅ ይገባል። ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ግድግዳውን የሚበሱበትን ቦታ በስቱኮ፣ በጀሶ ወይም በሲሊኮን ይድፈኑ፤ ሰፊ ከሆነ መጀመሪያ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይጠቅጥቁበት። ለወለል ፍሳሽ ቀዳዳ ጥሩ ወንፊት ሽቦ ያግኙለት። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያገለግል መታጠቢያ ክፍል ካለ በወለል ፍሳሹ ሥር ያለው ሲፎን (ውሃ የሚይዘው ጠማማ ቧንቧ) ይደርቅና በረሮውም ሽታውም ከዋናው መስመር በቀጥታ ይወጣሉ፤ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ኩባያ ውሃ ማፍሰስ ይህን መንገድ ይዘጋዋል።

አዘገጃጀት

ዘይትና ውሃ አይዋሐዱም፤ በውሃ ላይ ዘይት ጠብ አድርጎ መርጨት ማለት መጀመሪያ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ ያልተበረዘ ዘይት መርጨት ነው። በትክክል ለማዘጋጀት አንድ የሻይ ማንኪያ ወይም 5 ሚሊ ሊትር የዘይት ቅልቅል ከአንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጋር በደረቅ ዕቃ ውስጥ በደንብ ያዋሕዱ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ያማስሉ። ይህ 2 በመቶ ያህል ይሆናል። ከዚህ በላይ ማጠንከር ሽታውን ለሰው ከማክበድ በቀር ብዙ አይጨምርም። ነጭ መልክ ይዞ ሲደፈርስ ተዋሕዷል ማለት ነው፤ ቢሆንም ሲቆይ ስለሚለያይ ከእያንዳንዱ ርጭት በፊት ያናውጡት። ሳሙናው ሌላም ጥቅም አለው፤ የሳሙና ውሃ በረሮው የሚተነፍስባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሚደፍን በቀጥታ ያገኘውን ይገድላል። የሚሠሩትን ያህል ብቻ ያዘጋጁ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየው መዓዛው ይዳከማል።

ለመግቢያ ቀዳዳዎች ግን ከርጭት ይልቅ ጥጥ ይሻላል። በጠርሙስ ቆርኪ ውስጥ ትንሽ ጥጥ አድርገው ከአምስት እስከ አሥር የሚሆን ያልተበረዘ ጠብታ ያንጠባጥቡበት። ቆርኪው ዘይቱ ቀለምና ፕላስቲክ እንዳይነካ ይከላከላል፣ ጥጡም ትነቱን ያዘገያል።

አቀማመጥና ጊዜ

መሠረታዊው ሕግ ዘይቱ በውጭና በውስጥ መካከል ባለው ድንበር ላይ ይሁን የሚለው ነው። የመግቢያ በር ደፍ፣ የመታጠቢያ ክፍል የወለል ፍሳሽ ዙሪያ፣ ቧንቧው ከግድግዳ የሚወጣበት ቀለበት፣ የመስኮት ሥር፣ በኮንዶሚኒየም ደግሞ የቧንቧ መስመሮቹ ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚያልፉበት ሳጥን በር ዋናዎቹ ናቸው። እነዚህን ቦታዎች አመሻሽ ላይ፣ ወለሉ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ይርጩ ወይም ቆርኪዎቹን ያስቀምጡ፤ በረሮ የሚንቀሳቀሰው በጨለማ ስለሆነ ጠዋት የተቀባው ዘይት ጉልበቱ በሚፈለግበት ሰዓት ግማሹ ተንኖ ይሆናል። በፍሳሹ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ማፍሰስ ጥቅም የለውም፣ ውሃ ይዞት ይሄዳል፤ ዙሪያውን ይቀቡ።

ርጭቱን በየሁለት ወይም በየሦስት ቀን፣ ጥጡን በየሳምንቱ ያድሱ። በቆላና ሞቃት በሆነ ስፍራ ትነቱ ስለሚፈጥን ቀናቱን ያሳጥሩ። ለማደስ ጥሩው ምልክት የእርስዎ አፍንጫ ነው፤ ጎንበስ ብለው ሲያሸቱ መዓዛው የማይሰማዎት ከሆነ በረሮውም ቢሆን ብዙ አይሸሸውም።

በቤቱ ውስጥ የሚራባው ትንሹ በረሮ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ማጥመጃ ነው፤ በመርፌ መሰል ቱቦ የሚሸጠው የበረሮ ጄል ወይም ስስ ሆኖ በስንጥቅ ውስጥ የተነፋ ቦሪክ አሲድ የተባለ ዱቄት። ማጥመጃ የሚሠራው በረሮው ፈልጎ ሲበላው፣ ቦሪክ አሲዱም ሲረግጠውና እግሩን ሲልስ ነው፤ ዘይት ደግሞ በረሮውን ያርቃል። ሁለቱን በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አንዱን መድኃኒት በሌላው ያጠፋል። ስለዚህ ማድ ቤቱን ለማጥመጃው ይልቀቁለት፤ ዘይቱን በመኝታ ቤት ደፍና ወደ ጎረቤት በሚያሻግሩ ክፍተቶች ላይ ብቻ ያድርጉ፣ በረሮው ሲጎዳ ወደዚያ እንዳይሸሽ። በሙቀት ውስጥ ከእንቁላል እስከ አዋቂነት ከሁለት እስከ ሦስት ወር ስለሚፈጅ ማጥመጃውን ቢያንስ ለዚያን ያህል ጊዜ አያንሡ። በረሮው መጥፋቱን ካረጋገጡ በኋላ የማድ ቤቱ ደፍና የቧንቧ ዙሪያ ወደ ዘይቱ ይመለሱ።

መጥፋቱን ለማረጋገጥ በዓይን ማየት አይበቃም። የብርጭቆ ማሰሮ ወስደው ከውስጥ በኩል አንገቱን በቫዝሊን ይቀቡ፤ በውስጡ ጠላ ወይም ቢራ የነካው ቁራሽ ዳቦ ያድርጉ፣ በረሮው እንዲወጣበትም ውጩን በወረቀት ይጠቅልሉት። ከዘይቱ ርቆ ማታ ማዕዘን ላይ ይቀመጥ፤ ጠዋት የገባውን ይቁጠሩና ይጻፉት። ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ሌሊት፣ ከዚያም በየሳምንቱ በዚያው ቦታ ቢያደርጉት ዘይቱ መሥራቱን ከግምት ሳይሆን ከቁጥር ያውቃሉ።

ጥንቃቄ

ከዕፅዋት የተገኘ መሆኑ ብቻውን ምንም ነገር ደኅና አያደርግም። በጠርሙስ ያለው ዘይት ከብዙ ኪሎ ቅጠል የተጨመቀ ጉልበት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የባሕር ዛፍ ዘይት የጠጣ ሕፃን ራሱን ሊስትና ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፤ የቅርንፉድ ዘይትም የልጅን ጉበት ክፉኛ ይጎዳል። ጠርሙሱ ከፍ ባለና በሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ፤ ዘይቱን በለስላሳ ወይም በውሃ ጠርሙስ ገልብጠው በፍጹም አያኑሩ። ልጅ ከጠጣ አያስታውኩት፤ ጠርሙሱን ይዘው ወዲያው ወደ ሐኪም ይውሰዱት። የቆርኪው ጥጥም ልጅ በማይደርስበት መሆን አለበት። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በሚተኛበት ክፍል የናናም ሆነ የባሕር ዛፍ ዘይት ባይገባ ይሻላል።

ድመት ያለበት ቤት ውስጥ ቲሞልና ዩጂኖል ያለባቸውን ዘይቶች አልመክርም፤ የድመት ጉበት እነዚህን ለማስወገድ ያለው አቅም አነስተኛ ነው፣ እግሯን የነካውን ደግሞ ትልሰዋለች። አስም ያለበት ሰው ካለ ጉዳዩ በሁለቱም በኩል ይከብዳል። የበረሮ ኩስና የቆዳው ቅርፊት ራሳቸው አስም እንደሚቀሰቅሱ በደንብ የታወቀ ነው፤ ጠንካራ መዓዛም ያንኑ ሊያደርግ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቤት ዘይቱን ትቶ በጽዳት፣ በመድፈንና በማጥመጃ መጽናት የተሻለ ነው።

ያልተበረዘ ዘይት ቆዳን ስለሚያቃጥል በጓንት ይሥሩ። በሶኬት፣ በፍሪጅ ሞተርና በኤሌክትሪክ ምጣድ መስመር ላይ አይርጩ፤ ዘይቱ ተቀጣጣይ ስለሆነ ከከሰል ምድጃና ከቡና ማፍያው ዙሪያም ይራቅ። የብርቱካንና የቅርንፉድ ዘይት ፎምና አንዳንድ ፕላስቲክ ስለሚያሟሙ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ላይ ይሞክሩ። እንጀራ በሚዘረጋበት ሰፌድ፣ በመሶብና በምጣድ ላይ ምንም ዓይነት ዘይት አይነካ። ከሁሉ በላይ ግን ለእርሻ የተሠራ ማላታይን ያለ ጽሑፍ በትንሽ ጠርሙስ እየተቀዳ ሲሸጥ አይግዙ፣ ናፍታሊንንም በምግብ ቁም ሣጥን ውስጥ አያስቀምጡ፤ ከእነዚህ አደጋ አንጻር በረሮው ራሱ ይሻላል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የቅርንፉድ፣ የናና፣ የጥብስ ቅጠል፣ የጠጅ ሳርና የጽድ እንጨት ዘይት የያዙ ርጭቶች በየሱቁ ይሸጣሉ። የሀገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ደንብ እነዚህን ዘይቶች አደጋቸው አነስተኛ ነው ብሎ ከምዝገባ ነፃ አድርጓቸዋል። ነፃ መሆናቸው ኤጀንሲው በረሮን ማባረራቸውን መርምሮ አጽድቋል ማለት አይደለም፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ተስፋ የሻጩ ብቻ ነው። የተከራዩት አፓርታማ ከሆነ ለባለንብረቱ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ርጭቱ የእርስዎን ክፍል ቢያጸዳ እንኳ ግድግዳው የጋራ ነው።

ይህ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየምም እንዲሁ ነው። ከስድስት ሳምንት በላይ ሠርተው የማሰሮው ቁጥር ካልቀነሰ፣ ተጨማሪ ዘይት ከመግዛትዎ በፊት በላይና በታች ያሉትን ጎረቤቶች ያነጋግሩ። በአንድ የቧንቧ መስመር ላይ ያሉት ቤቶች ማጥመጃውን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢያስቀምጡ፣ የሕንጻው ኮሚቴም የጉድጓዱን ክዳንና የቧንቧ ሳጥኑን በር ቢያስጠግን፣ በረሮው የሚሸሽበት ቤት አያገኝም፤ ዘይቱንም ከዚያ በኋላ በየደፉ ላይ ማደስ በቂ ይሆናል።